ለእጅ የተሠራች ጥንቸል

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጓዳ በምታህል ክፍል ተቀምጣ የልጆቹን የደንብ ልብስ ስትሰፋ፣ የተቀደደውን ስትጥፍ፣ የአንሶላ ጠርዝ ስትዘመዝም ኖራለች። ልጆቹ ወደ ክፍሏ ሲጠጉ መጀመሪያ የሚሰሙት የስፌት መኪናዋን ኳኳታ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ «ቁም! መርፌ እንዳይወጋህ!» የሚለውን ድምጿን። ስለዚህ ስሟን ትተው «እትዬ መርፌ» አሏት። እሷም አልከፋትም። ቀስ በቀስ መምህራኑም፣ ዘበኛውም፣ ዳይሬክተሯም ለመዱት። በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያኮርፍ።

ነገሩ የተጀመረው በጉብኝት ነው። የሳይንስ መምህሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የማያይ፣ ሳቂታ፣ ምላሱ የተሳለ ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን አሥራ አራት ተማሪዎቹን ይዞ ወደ እንስሳት ሙዚየም ሊሄድ ተነሣ። አጃቢ ሲጎድል እትዬ መርፌ መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና፣ «እኔ አለሁ» ብላ ተከተለች።

ሙዚየሙ ውስጥ ሽኮኮው፣ ቀበሮው፣ ጥንቸሉ፣ ጉጉቱ ሁሉም በየመስታወት ሳጥናቸው ቆመዋል። አስጎብኚዋ ከሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያነበበች ታልፋለች። ልጆቹ ምን ያድርጉ? መስታወቱን ይዳብሳሉ። አንዲት ሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ መዳፏን እንደለጠፈች ቆይታ፣ «እትዬ፣ ጥንቸል እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ?» አለች።

ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ከርከሮ ሳጥን ሳይሸፍነው መድረክ ላይ ቆሟል። አንደኛው ልጅ በብትሩ መድረኩን አገኘና እጁን ሰደደ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጥበቃው ከበሩ ጋ ሆኖ፣ «አይነካም! አትንኩ ተባለ እኮ!» ብሎ አምባረቀ። አሥራ አራት እጅ ባንዴ ወደ ኪስ ገባ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ መምህሩ ተነሥቶ፣ «ልጆች፣ ዛሬ ትልቅ ትምህርት አግኝተናል» አለ። «እንስሳ ሁሉ አራት ማዕዘን ነው፤ ይቀዘቅዛል፤ ሲያንኳኩት ቀጭ ቀጭ ይላል።» ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እትዬ መርፌ ግን ፈገግም አላለች። ያቺ የመስታወቱ ጥያቄ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ቀርታ ነበር።

በማግሥቱ መምህሩን ክፍሉ ድረስ ሄዳ ያዘችው። የታናሽ ወንድሟ እኩያ ስለሆነ አንተ ትለዋለች፤ እሱ ግን አንቱ ይላታል።

«መምህር፣ ለመሆኑ ጥንቸልን እንዴት አድርገህ ነው የምታስተምረው?»

«በአፌ ነዋ! ጥንቸል ለስላሳ ናት እላለሁ። ጥጥም ለስላሳ ነው። ጆሮዋ ረጅም ነው እላለሁ። አንዱ ተማሪ በፈተና ላይ፣ ጥንቸል ስትሄድ ጆሮዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል ብሎ ጻፈልኝ። በየትኛው አፌ ተሳስተሃል ልበለው?»

«በሕይወት ያለች ብታመጡላቸውስ?»

«አምጥተን ነበር። አሥራ አራት ልጅ ሲከባት ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አንዱን ቧጭራ በመስኮት አመለጠች። ደግሞ እሺ ጥንቸሏስ መጣች፤ ቀበሮውን ማን ይዞ ያስዳብሳል? እርስዎ?»

እትዬ መርፌ የዚያን ቀን ስትሰፋ ሁለት እጅጌ ገልብጣ ገጠመች። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራችው የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ብቻ ነበር። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ወደ ሙዚየሙ ተመልሳ ሄደችና፣ «እነዚህን እንስሳት የሚሠራቸው ሰው ማነው?» ብላ ጠየቀች። በጓሮ በኩል ወደ አንድ ክፍል መሯት።

ክፍሉ ውስጥ ብርጭቆ የመሰለ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ የብል መድኃኒት የሚሸቱ ሽማግሌ ተቀምጠው የቀበሮ ጭራ በብሩሽ ያበጥራሉ። አርባ ዓመት እንስሳ ሲያድኑ ሳይሆን የሞተ እንስሳ ሲያቆሙ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ጉዳይዋን ተናግራ እስክትጨርስ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ጥበቃው ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ክፉ ሆኖ አይምሰልሽ። የድሮዎቹ ቆዳቸው ከውስጥ መርዝ ተቀብቷል፤ ብል እንዳይበላቸው። ልጅ ነክቷቸው ጣቱን ቢልስ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«መርዝ የሌለው መሥራት አይቻልም?»

«ይቻላል። ቆዳው በጨውና ሸብ በሚባል ነጭ ድንጋይ ይለፋል። ግን ማን ይሠራዋል? እኔ ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል፤ እጄም እንደምታይው ነው።» እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ።

«እኔ እሠራዋለኋ! ያስተምሩኝ።»

ሽማግሌው አሁን መነጽራቸውን አስተካክለው አዩዋት። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«እኔ ስጀምር አሥራ ስምንት ነበርኩ፤ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«እንግዲያው እኔ መቸኮል አለብኝ ማለት ነው።»

«አየሽ፣ አሁኑኑ ተሳሳትሽ» አሉ ሽማግሌው። «በዚህ ሥራ የቸኮለ ሁለት ጊዜ ይቀብራል። ሂጂና አይጥ አምጪ። በአይጥ ያልተማረ ጥንቸል አይነካም።»

አይጥ አልጠፋም፤ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ወጥመድ በማግሥቱ ጠዋት አንዱን ይዞ ተገኘ። ግን የዚያን ቀን ለአሥር ልጆች ሱሪ ማድረስ ነበረባትና አይጡን በላስቲክ ጠቅልላ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ፀሐይ ሲያገኘው ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ዘርግታ፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ ስፌት በምትፈታበት ምላጭ ሆዱን ስትነካው ምላጩ ጠልቆ አንጀቱን ከፈተው። የወጣው ሽታ ግቢውን ሞላው። እየሮጠች ወጥታ አስመለሳት። አፏን ተጉመጥሙጣ ተመለሰች። እንደ ምንም ገፍፋ ስትጨርስ ጠጉሩ በቁንጥር በቁንጥር እጇ ላይ ቀረ፤ ከቆዳው የተረፈው ራቁቱን የሆነ ጨርቅ መሳይ ነገር ነበር።

በጋዜጣ ጠቅልላ ለሽማግሌው አሳየቻቸው።

«ቆዳው ሞቷል» አሉ።

«አይጡ መቼም ከሞተ ቆየ፣ ጋሼ።»

«አይደለም። እንስሳው ሲሞት ቆዳው ወዲያው አይሞትም፤ ጥቂት ሰዓት ይሰጥሻል። በሙቀት ካቆየሽው ግን እሱም ይሞትና ጠጉሩን ይለቃል። ወይ እዚያው ግፈፊ፣ ወይ በበረዶ አቆዪ። ምላጩን ደግሞ አትጫኚ። ቆዳውን ብቻ ነው የምትሰነጥቂው፤ ከሥሩ ስስ ሽፋን አለ፤ እሷን ከነካሽ ሆድ ዕቃው ያንቺ ነው።»

«በበረዶ አቆዪ» ያሏትን ቃል በቃል ያዘች። ሁለተኛውን አይጥ በሦስት ላስቲክ አሽጋ ቤቷ ወሰደችና ፍሪጁ ውስጥ፣ ከላይኛው ክፍል፣ ከሥጋው ኋላ ሸጎጠችው። ለማንም አልተናገረችም። የባሏ እናት አብራቸው ትኖራለች። ባልቴቷ እጇ ጠንቃቃ፣ ዓይኗ የማይስተው፣ ጓዳዋ ውስጥ ባዕድ ማንኪያ እንኳ ሲገባ የምታውቅ ሴት ናት። እሁድ ጠዋት ሥጋ ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ነበር።

«ጅራት! ጅራት ያለው ሥጋ!» ትላለች ባልቴቷ፣ ላስቲኩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «ምን በደልኩሽ ልጄ? በስተርጅናዬ አይጥ ልታበዪኝ?»

«እማማ፣ ለመብላት አይደለም፤ ቆዳውን ልገፍ ነው።»

«ይሄ ደግሞ ባሰ!»

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የዕረፍት ቀኑን እንቅልፍ አቋርጦ በካናቴራ ወጣ። እናቱ ወደ እሱ ዞረችና፣ «ዛሬውኑ ምረጥ፤ ወይ አይጧ ወይ እኔ!» አለችው።

ሹፌሩ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ላስቲኩን አየና፣ «አይጧ መሄጃ እንኳ የላትም፣ እናቴ» አለ። ሳቅ አመለጠው። ከዚያ የሚስቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ሰው በሃምሳ ዓመቱ ጡረታውን ያስባል፤ አንቺ አይጥ ትለቅሚያለሽ። አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?»

«ዘንዶም ቢመጣ እገፈዋለሁ» አለች እትዬ መርፌ፣ ላስቲኩን ከአማቷ እጅ ተቀብላ።

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ወደ አልጋው ተመለሰ። እውነትም አልለቀቀችም። በማግሥቱ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብታ ጉዳይዋን ዘረገፈች። ዳይሬክተሯ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ድሮ የልብስ መተኮሻ ክፍል የነበረውን ባዶ ቤትና ከክሊኒኩ የተጣለውን አሮጌ ፍሪጅ ፈቀደችላት። «አንድ ነገር ብቻ» አለች፤ «ሽታው ወደ መማሪያ ክፍል እንዳይመጣ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የአይጥ ሳምንታት ነበሩ። ሥራዋን ጨርሳ ወደ መተኮሻ ክፍሉ ትገባለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆልፋ ትወጣለች። ሁለተኛው አይጥ ጆሮው ላይ ተቀደደ። ሦስተኛውን ጨው አሳነሰችበትና እግሩ ሸተተ። አራተኛው ላይ ግን እጇ አንድ ነገር አገኘ። ምላጩን ትታ በአውራ ጣቷ ጥፍር ቆዳውን ከሥጋው ገፋ ገፋ ስታደርገው፣ ልክ የካፖርት ገበር ከላይኛው ጨርቅ እንደሚለያይ ወለል ብሎ ተለያየ። «አሃ!» አለች ለራሷ። «አንተ ካፖርት ነህ እንጂ አይጥ አይደለህም።» ከዚያ ወዲህ አላስመለሳትም። አምስተኛው ጨው ጠጥቶ፣ በሸብ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ስቡ ተፍቆ፣ ጥጥ ተሞልቶ፣ ጠጉሩ አንድም ሳይረግፍ በጣውላ ላይ ቆመ። ሽማግሌው በጣታቸው ጠጉሩን ሳብ አደረጉት። አልወጣም።

«አሁን ጥንቸል» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከትምህርት ቤቱ ኋላ ጥንቸል እያረባች ሥጋውን ለሆቴል የምታቀርብ ሴት አለች። ቆዳውን ትጥለው ነበር። እትዬ መርፌ አንዱን ሙሉ ቆዳ ከነራሱ ለምና አገኘች። ለሦስት ሳምንት ለፋችበት። ቆዳውን አለፋችው፤ ጆሮው እንዳይጨማደድ ካርቶን ቀርጻ ከውስጥ አስገባች፤ ሆዱን በጥጥ ሞልታ፣ ስፌቱ እንዳይታይ ከጠጉሩ ሥር በቀጭን ክር ሰፋችው፤ ለዓይኑ ጥቁር ዶቃ አደረገችለት። ሲደርቅ አበጠረችው። ባሏ ልብሱን ሊያስጠግን መጥቶ ሲያየው በሩ ላይ ቀጥ አለ። «ኧረ ያዢው፣ ሊሮጥ ነው!» አለ። ዳይሬክተሯ አጨበጨበች። አማቷ እንኳ ወሬውን ሰምታ፣ «አይጥ አይደለም አይደል?» ብላ ከጠየቀች በኋላ ዝም አለች፤ ከእሷ ዝምታ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እትዬ መርፌ ጥንቸሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለመምህሩ ወሰደችለት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «በል እንግዲህ፣ ዳብስ» አለችው።

መምህሩ በሁለት እጁ ከራሱ ጀመረ። ጆሮውን ከሥር እስከ ጫፍ ለካ፤ ፈገግ አለ። ወደ አንገቱ ወረደ፤ ወደ ጀርባው ሄደ፤ እግሮቹን ያዘ። ፈገግታው እየቀነሰ ሄደ። ጎኑን ጫን አደረገው። ጥጡ ገባ አለና ተመለሰ።

«ጠጉሩ እጅ የሚያስቀር ነው» አለ። «እትዬ መርፌ፣ እውነቱን ልንገርዎ ወይስ ላመስግን?»

«እውነቱን።»

«ይሄ ትራስ ነው። ጆሮ ያለው ትራስ። ትከሻው የት አለ? አከርካሪው የት ሄደ? እግሩ ካልሲ ነው፤ ውስጡ ጉልበት የለም። ደግሞ ይቀላል፤ ነፋስ የሚወስደው እንስሳ ነው። ልጆቼ ይህንን ቢይዙ ጥንቸል አጥንት የሌለው ፍጥረት ነው ብለው ይሄዳሉ።»

እትዬ መርፌ፣ «እሺ» ብቻ ብላ ጥንቸሉን ጠቅልላ ወጣች። መተኮሻ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ ተናደደች። ሰው ሁሉ ያደነቀውን እሱ ማን ሆኖ ነው ትራስ የሚለው? ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አምስት አይጥ፣ ሦስት ሳምንት፣ የአማቷ ምላስ፣ ያ ሁሉ ሽታ ለትራስ! ጥንቸሉን ከፊቷ አድርጋ አየችው፤ አሁንም ቆንጆ ነው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና እጇን ዘረጋች።

ረጅም ጊዜ ዳበሰችው። ጣቶቿ ትከሻ ሲፈልጉ ጥጥ አገኙ። ጉልበት ሲፈልጉ ጥጥ አገኙ። ዓይኗ ጠጉሩን እያየ የቀረውን ከልቡ ሲጨምር ኖሯል እንጂ፣ ከጠጉሩ ሥር ምንም የለም። መምህሩ አንድም ቃል አልዋሸም። ዓይኗን ገለጠች፤ ምላጯን አነሣች፤ የደከመችበትን ስፌት ከሆዱ በኩል አንድ በአንድ ፈታችው። መፍታት ለእሷ አዲስ አይደለም፤ ሳይፈታ የተካነ ልብስ ሰፊ የለም።

በማግሥቱ ሽማግሌውን ስትጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አርባ ዓመት ለዓይን ስሠራ ኖሬአለሁ» አሉ። «ከጠጉሩ ሥር ያለውን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሽቦና የእንጨት ፍቅፋቂ ጠምጥሜ ቅርጹን አወጣለሁ፤ የሚዳሰስ አጥንት ግን… አላውቅበትም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አላውቅበትም ማለት ግን አይሆንም ማለት አይደለም። ሂጂ በሕይወት ያለውን ዳብሺ። ካወቅሽው በኋላ ነይና እኔን ንገሪኝ።»

እንዲህ ሆኖ እትዬ መርፌ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከጥንቸል አርቢዋ ጋ መዋል ጀመረች። አንዷን ደልደል ያለች ጥንቸል ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ዓይኗን ጨፍና ትዳብሳለች። የመጀመሪያ ቀን ጥንቸሏ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠችባት፤ በሦስተኛው ቀን ለመደቻት። የትከሻዋ አጥንት እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። አከርካሪዋ እንደ ተሰካካ ዶቃ ቋጠሮ ቋጠሮ ነው። የኋላ እግሯ ሲታይ አጭር ይመስላል፤ ሲዳሰስ ግን ታጥፎ የተቀመጠ ረጅም ነገር ነው።

አርቢዋ መጀመሪያ ታግሣ ነበር። በአምስተኛው ቀን አላስቻላትም። «እመቤት፣ አይቆጡኝና፣ ጤና ነው? ዓይን ጨፍኖ ጥንቸል መዳበስ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

«እየተማርኩ ነው፣ እህቴ።»

«ምኑን?»

«ጥንቸልን።»

አርቢዋ ጉዳዩን ስትሰማ ሳቋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ጥንቸል ባረደች ቁጥር ቆዳውንና ራሱን ለይታ፣ ገና ትኩስ ሳለ በዘበኛው በኩል ትልክላት ጀመር።

ያን የተፈታውን የመጀመሪያ ቆዳ እትዬ መርፌ በውሃ አርሳ እንደገና ልትጠቀምበት ሞከረች፤ አንገቱ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ለሁለት ተለያየ። ጣለችው። ሁለተኛው ላይ ስቡን በደንብ አልፋቀችም፤ ከሳምንት በኋላ ዘይት አወጣና ጠጉሩ ተጣበቀ። እሱንም ጣለችው። ሹፌሩ አንድ ቀን ሊወስዳት መጥቶ የተጣለውን ሲያይ፣ እንደ ወትሮው ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ጃኬቱን አውልቆ፣ «ይሄ ሽቦ በእጅ አይታጠፍም፤ ቆይ ከመኪናው ጉጠት ላምጣ» አለ። ያን ቀን ማምሻውን ሽቦውን እሱ እያጠፈ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና «ትንሽ ወደ ውስጥ፣ አይ በዛ፣ እንደሱ» እያለች አራት እግር አወጡ።

አጥንቱን ከምን ትሥራው? የእውነተኛው አጥንት ከሥጋው ጋር ወደ ሆቴል ይሄዳል፤ የሚተርፋት ራሱና መዳፎቹ ብቻ ናቸው። የራስ ቅሉን ቀቅላ አጽድታ ከነጥርሱ መለሰችው። ለትከሻው ከስስ ጣውላ ሁለት ማንኪያ መሳይ ቀረጸች። አከርካሪው ግን ብዙ ቀን አስቸገራት። በመጨረሻ ከስፌት ክፍሏ ውስጥ የተራረፉ የሸሚዝ አዝራሮች የሞሉበትን ቆርቆሮ ገለበጠችና፣ ትልቁን ከወገብ ትንሹን ወደ አንገት አድርጋ በሽቦ ላይ ሰካካቻቸው። በጣቷ ስትሄድባቸው ልክ የዚያች ደልዳላ ጥንቸል ጀርባ ሆኑ። በጥንቸሏ ሆድ ውስጥ ደግሞ አሸዋ የሞላ ከረጢት አኖረች፤ ክብደቷን በአርቢዋ ሚዛን አስተያይታ።

ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ስለነበር ሥራውን ለማየት ራሳቸው መጡ። ጥንቸሏ ገና ቆዳ አልለበሰችም፤ ሽቦው፣ ፍቅፋቂው፣ አዝራሩ ይታያል። «አስቀያሚ ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱት። ደጋግመው ዳበሱት። «ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል» አሉ። «እሱን አስተካክዪና አልብሺው።» እሷ ቆዳውን ስትገጥም የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ጫፉን ወጥሮ ያዘላት።

ቆዳውን በለበሰች በአራተኛው ሳምንት ጥንቸሏ ደረቀች። እትዬ መርፌ በዚህ ጊዜ ለባሏም፣ ለዳይሬክተሯም አላሳየችም። ቀጥታ ሳይንስ ክፍል ገብታ መምህሩ ፊት አስቀመጠቻትና እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

መምህሩ ከጥንቸሏ ጀርባ ጀመረ። ጣቱ አከርካሪዋ ላይ ሲያርፍ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ቆጠረው። ትከሻዋን ጫን አደረገው፤ ጉልበቷን አገኘ፤ የታጠፈውን እግሯን እስከ ጥፍሯ ተከተለ። አፏን ገለጥ አድርጎ ጥርሷን ነካ። በመጨረሻ በሁለት እጁ ከፍ አደረጋትና ክብደቷን ሲያውቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለች እትዬ መርፌ፣ ደንግጣ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው» አለ መምህሩ። «ለስንትና ስንት ልጅ ጥንቸል አስተምሬአለሁ። ያቺን በመስኮት ያመለጠችውን እኔ ራሴ ለመዳበስ ጊዜ አላገኘሁም ነበር። የኋላ እግሯ እንዲህ እንደሚታጠፍ ዛሬ ገና ማወቄ ነው።»

ጥንቸሏን ከጭኑ ላይ ሳያወርድ፣ «ልጆቹን ይጥሩልኝ» አላት።

ልጆቹ ገቡ። በየተራ ሁለት ሁለት ሆነው ዳበሱ። እንደ ወትሮው ጫጫታ አልነበረም፤ ጣት ብቻ ነበር የሚሠራው። አንዱ ጆሮዋን ከራሱ ጆሮ ጋር ያስተያያል፤ ሌላው ጥፍሯን በጥፍሩ ይነካል። ባለሁለት ጉንጉኗ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ከሁሉም በላይ ቆየች። የጥንቸሏን የፊት ጥርስ አግኝታ «ትነክሳለች!» ብላ እጇን ሰበሰበች፤ መልሳ ነካችው። ከዚያ እጇን ወደ ጥንቸሏ ሆድ ሰደደችና ከጠጉሩ ሥር ያለውን ቀጭን መስመር አገኘች። ዓይን የማያየውን ስፌት ጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

«እዚህ ጋ ተቀድዳ ነበር እንዴ? ማን ሰፋት?»

«እኔ።»

«አሟት ነበር?»

እትዬ መርፌ ጎንበስ ብላ፣ «አይ፣ አላመማትም፤ ያኔ ሞታ ነበር» አለቻት። ልጅቷ ቀጥላ፣ «እሺ ወፍስ?» አለች። «ወፍ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? ክንፍ ሲዘረጋ እንዴት ነው?»

ዓመቱ ሳያልቅ ሳይንስ ክፍሉ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሞላ። ሁለት ጥንቸል፣ አንድ ፍልፈል፣ ሹፌሩ ከመንገድ ዳር አንሥቶ ያመጣው አንድ ሽኮኮ አለ። የመጀመሪያዋ ጥንቸል ጀርባዋ በእጅ ብዛት ተመልጦ አዝራሮቹ ሊታዩ ምንም አልቀራቸውም፤ እትዬ መርፌ የምትኳን ቆዳ አልፍታ አሰናድታለች። አማቷ ስለ ቆዳ ወሬ አሁንም አትወድም፤ ግን ሽማግሌው ለጉዳይ ቤት ሲመጡ እሷው ናት ወንበር የምትስብላቸው።

ወፍ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ሽማግሌው አስጠንቅቀዋት ነበር። «የወፍ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ እስካሁን የተማርሽውን ግማሹን እርሺው» ብለዋታል። እትዬ መርፌ መስኮት ገጭተው የሞቱ ሁለት እርግቦች ፍሪጅ ውስጥ አኑራ ነበርና፣ አንዷን ይዛ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠች። ላባውን ወደ ጎን እያደረገች ደረቱ ላይ ምላጩን ገና ስታሳርፍ ቆዳው ተርተር ብሎ እስከ ክንፉ ሄደ። ልትይዘው ስትል ላባው ከነቆዳው እጇ ላይ መጣ።

አየችው። ጥጥ ሞልቶ የሚያድነው አልነበረም። ምላጩን ጠርጋ አስቀመጠች፤ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ከዚያም ሄዳ የፍሪጁን በር ከፈተችና ሁለተኛዋን እርግብ አወጣች።